ገምጋሚ፦ ወይኒ ፍሰሃጽዮን

ማልሞ፣ ስዊድን
ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አሞይ ወይኒ ፍሰሃጽዮን፣

ጤናዎ እንደ ልቤ ምኞት ይሁን። እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ሳሊና ደህና ነን፤ ከዚህ አገር ዝናብ በቀር የሚያስከፋን ነገር የለም። አባቴ ገዛኢ በልጅነቴ «የአክስቴ ልጅ ናት፣ እንደ አክስትህ አሞይ በላት» ብሎ ስላስለመደኝ እስከ ዛሬ ሌላ አጠራር አይመጣልኝም። ትግርኛ አጥርቼ መጻፍ ስለማልችል እንደተለመደው በአማርኛ ስጽፍልዎ ይቅር ይበሉኝ። ስልክ እንደማይወዱም አውቃለሁ።

የምሥራች አለኝ። በመንገዱና በስልኩ መዘጋት ዘመን መጋዘን ውስጥ የተጀመረው የመድኃኒት ማከፋፈያ የኮምፒዩተር ፕሮግራማችን ሰው አገኘ። ከሦስት ዓመት በፊት ቅጂውን እንደላኩልኝ ያስታውሳሉ፤ እኔም ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለአንድ የአውሮፓ ድርጅት አሳየሁት። አሁን በሦስት አገር ጤና ጣቢያዎች ሊያስገቡት ወስነዋል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚናገረውን የለውጥ መዝገብ ሲከፍቱ ከኔ ጥቂት ለውጦች በቀር ቀኑ ሁሉ 2013 እና 2014 ይላል። ለፈረንጅ ይህ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ስሞቹም ዝብርቅርቅ ናቸው፤ አንዴ «ወይኒ»፣ አንዴ «ጸሐፊ ክፍል»፣ አንዴ «መጋዘን 2»። ስለዚህ መዝገቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ ቀኖቹንና የጸሐፊዎቹን ስም አስተካክሎ እንደገና የሚጽፍ ትንሽ ኮድ ሠራሁ። በድርጅቱ ደንብ እንዲህ ያለ ኮድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሌላ ሰው አይቶ መፈረም አለበት። ፕሮግራሙን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው ስለሌለ «ገምጋሚ፦ ወይኒ ፍሰሃጽዮን» የሚል መስመር ከታች አዘጋጅቻለሁ። ቀኖቹን ብቻ ካዩልኝ ይበቃል። ሌላው ቴክኒካዊ ነገር ነው፤ አይድከሙበት። እስከ ዓርብ ቢያልቅልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

በረከትዎ አይለየኝ።
ልጅዎ ዘሚካኤል


መቐለ፣ ሰሜን
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዘሚካኤል ወደይ፣

ከመይ ኣለኻ? ደህንነትህን በጽሑፍህ ሰምቼ አምላኬን አመሰገንኩ። የሰጠህን ልጅ ሳይነካ ያቆይልህ፤ ለአባትህም ጉልበቱን አይንሳው። እኔ ደህና ነኝ። ወደ ውቕሮ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች አቧራ መስኮቴን ካላስከፈተኝ በቀር የሚጎድለኝ የለም። ያ ፕሮግራም ሰው ዘንድ መድረሱን ስሰማ ቀኑን ሙሉ እግሬ መሬት አልነካም።

ዓርብ አልደረሰልኝም። ቀኖቹን ብቻ እይልኝ ብለሃል፤ እኔ ግን የሰው ሥራ ግማሹን አንብቤ ስሜን ማስቀመጥ አልችልም። ሰባ ስምንት መስመር ነው፤ ሁሉንም ሁለቴ አነበብኩት።

ከቀኖቹ ልጀምር። በእያንዳንዱ ቀናችን ላይ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ትደምራለህ። በዚህ ስሌት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 1 ሆኖ ይወጣል። የሚውለው ግን ሴፕቴምበር 11 ነው። ስለዚህ ሥራችን ሁሉ አሥር ቀን ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። ሰበቡ የኛው መሆኑን አልክድም። የዚያ አሮጌ ኮምፒዩተር ባትሪ ሞቶ ስለነበር፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ዛሬ ስንት ነው ብሎ ይጠይቀናል። የሚያርመው ኔትወርክ የለም። እኛም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አይተን እንመልስለታለን። የሚጠብቀው የፈረንጅ ቀን መሆኑን ያወቅነው ጳጉሜ 1ን እምቢ ሲለን ነው፤ ለእሱ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም። ሦስት ወር ሙሉ ጽፈንበት ስለነበር እንደጀመርነው እንጨርስ አልን። አምስቱንም የጳጉሜ ቀን ነሐሴ 30 አልነው። ጥቅምት 29ና 30ንም እምቢ ሲለን በ28 መዘገብን፤ ለእሱ ሁለተኛው ወር ከ28 አያልፍም። ትክክለኛው ቀን ከየለውጡ ሥር ባለው ማስታወሻ ተጽፏል፤ ለቅሜ አያይዤልሃለሁ።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ኮድህ ስም የሚቀይረው ከአንድ የስም ዝርዝር እያየ ነው። ዝርዝሩን ስከፍተው ያንተ ስም ብቻ አለ። አርባ አንደኛው መስመር ደግሞ «በዝርዝሩ የሌለ ስም ካጋጠመ ዘሚካኤል ገዛኢ ብለህ ጻፍ» ይላል። ለሙከራ አስገብተኸው የረሳኸው መሰለኝ። እንዲሁ ቢሄድ የኔም የጁዋይሪያም ስም ይጠፋል።

ጁዋይሪያ ጀላሉን በስም ታውቃታለህ። ከባሏ ጋር ከኮምቦልቻ መጥታ የመጋዘኑ ዕቃ ጠባቂ የነበረችው፣ በመዝገቡ «መጋዘን 2» የተባለችው ናት፤ «ጸሐፊ ክፍል» ደግሞ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ካርቶን ትቆጥር ነበር። እኔ ስጽፍ አጠገቤ ቆማ እያየች፣ «ይሄ ማሽን ከባሌ ይሻላል፣ የነገሩትን ይሰማል» ብላ ራሷ መጻፍ ጀመረች። መድኃኒት ጊዜው ሊያልፍ ሲል የሚያስጠነቅቀው ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ የእሷ ነው። አርባ አንደኛውን መስመር ሳነብላት፣

«እና እኔ የት ገባሁ?» አለችኝ።

«ረስቶ ነው» አልኳት።

«ሰው የራሱን ስም ጽፎ ነው የሚረሳው?»

መልሱን ከአንተ እጠብቃለሁ። ሙሉውን የስም ዝርዝር ላክልኝ፤ ያ መስመርም ይውጣ። ኮዱ የማያውቀው ስም ሲያጋጥመው ቆሞ ይጠይቅ እንጂ የሌላ ሰው ስም አይለጥፍ። ይህን ስታስተካክል እፈርማለሁ።

እመ ብርሃን በመንገድህ ትቅደም።
አሞኻ ወይኒ


ማልሞ
ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አሞይ ወይኒ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰቤ ይድረስዎ። መልሴ ሦስት ሳምንት መዘግየቱን አውቃለሁ፤ ሳሊና ጉንፋን ይዟት፣ እኔም በስብሰባ ተወጥሬ ነው።

የጥቅምት 29ን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀኖቹን እንዳሉኝ አንድ በአንድ አርሜያለሁ፤ ጳጉሜም ገብታለች። እንዲህ ያለ ዓይን እዚህ በስንት ደመወዝም አይገኝም! የታረመውን ኮድ ከነአቃፊው አያይዤዋለሁ።

በነጋዴው በአብዱልወዱድ በኩል አንድ ስልክ ልኬልዎታለሁ። የያዙት እንዳረጀ ሰምቻለሁ። የመቐለ ኔትወርክ አሁን እንዴት ነው? አባቴም እንኳን ደስ አላት ብሏል።

እንግዲህ የቀረችን ከታች ያለችው የእርስዎ መስመር ብቻ ናት። በዚህ ሳምንት ቢሞሉልኝ።

አክባሪዎ ዘሚካኤል


መቐለ፣ ሰሜን
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዘሚካኤል ገዛኢ፣

እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። የዛሬው ሰላምታ ይህ ብቻ ነው። ሌላው ምርቃት በልቤ ይቆይ፤ ዛሬ ከአፌ ቢወጣ ውሸት ይሆንብኛል።

አዲሱን ኮድ ከፈትኩት። ቀኖቹ ተስተካክለዋል። አርባ አንደኛው መስመር ግን ወደ አርባ ዘጠነኛ ወረደ እንጂ አልወጣም። የስም ዝርዝሩ ዛሬም አንድ ስም ነው። በደብዳቤህ ስለዚህ አንዲት ቃል የለም፤ ስለ ጉንፋን አለ፣ ስለ ስልክ አለ። ከእንግዲህ ረስቶ ነው ማለት አልችልም። ከላዩ ስምንት መስመር ስትጨምር ዓይንህ ሥር ነበረ።

ቅጂ አውጥቼ በቅጂው ላይ አስኬድኩት። በመዝገቡ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ለውጦች አሉ። ስምንት መቶ አሥራ ሁለቱ የኔ፣ አራት መቶ ሰማንያ ሦስቱ የጁዋይሪያ፣ አሥራ አንዱ ያንተ ናቸው። ኮዱ ሲጨርስ ሁሉም ዘሚካኤል ገዛኢ ሆነው ወጡ። በጄነሬተር ተራ እየጠበቅን የጻፍነው ዘሚካኤል። የአዲግራትን የስኳር ሕሙማን መድኃኒት ለሦስት ጤና ጣቢያ እንዴት እንደምናብቃቃ ስድስት ጊዜ አፍርሰን የሠራነው፣ እሱም ዘሚካኤል።

ስሙን ቀየርክ እንጂ ከየለውጡ ሥር ያለውን ማስታወሻ ማንበብ አልደረሰህም። ጁዋይሪያ ግንቦት 2014 ላይ «ልጄን ጡት እያጠባሁ በአንድ እጄ የጻፍኩት ነው፤ ስህተት ካለ ነገ አየዋለሁ» ብላ መዝግባለች። አሁን የዚያ ጽሑፍ ባለቤት አንተ ነህ። ሳነብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ያ አላህ! ስዊድን ወንዱም ያጠባል በይኛ!»

ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ወይኒ፣ ያን ቀን እኮ ልጁ ትኩሳት ነበረው» ብላኝ ነጠላዋን አንስታ ሄደች። እስከ ማግስቱ አላየኋትም።

ከኮዱ ጋር የድርጅቱን ደንብም ልከህልኛል፤ አቃፊውን ሳታይ የላክኸው መሰለኝ። እኔ የተላከልኝን ሁሉ አነባለሁ። ፕሮግራሙን ለሁለት ዓመት የመጠገንና የማሳደግ ውል የሚሰጠው በለውጥ መዝገቡ ላይ ስማቸው ለሰፈረ ሰዎች ነው ይላል። ይህን ነው ያልነገርከኝ። ጁዋይሪያ ባለፈው ሰኔ «ማስረጃ የሌለው ሠራተኛ ይሰናበት» ሲባል ከመጋዘን ወጥታለች፤ ዛሬ የሕፃን ልብስ ዘርግታ ትሸጣለች። የኔ ተራ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ሁለታችንም ዲፕሎማ የለንም። በዚህ ዓለም ላይ የምንችለውን የሚመሰክርልን ያ መዝገብ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንተ እንዳቀድከው ቢሆን በአንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ለውጦች ውስጥ የኔ ስም አንድም ቦታ አይኖርም። የሚቀረው አንድ መስመር ላይ ነው፤ ስሜ ሲጠፋ አይቼ መስማማቴን በሚናገረው መስመር ላይ። በስንቱ ሰው መሀል እኔን የመረጥከው ለዚህ ነው? ወይኒ ዝም ትላለች፣ ወይኒ ስልክ እንኳ አትደውልም ብለህ? እኔ ዝም የምለው ሳነብ ነው።

አብዱልወዱድ ያመጣውን ስልክ ሳልከፍተው መልሼለታለሁ።

መልስህን በግልጽ ጻፍልኝ፤ ያ መስመር ይወጣል ወይስ አይወጣም?

ወይኒ ፍሰሃጽዮን


ማልሞ
ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአሞይ ወይኒ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንዲህ ያለ ቃል ከእርስዎ አልጠበቅኩም።

በግልጽ ጻፍ ስላሉኝ በግልጽ እጽፋለሁ። መስመሩ አይወጣም። ድርጅቱ የሚያነጋግረው አንድ ባለቤት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አገር ሕግ ነው። ሁለት ሴቶች፣ ያለ ማስረጃ፣ አንዷ ባለሱቅ የኮሌጅ ተማሪ ኖት ቀዶ ስኳር ከጠቀለለበት ወረቀት ላይ ኮድ የተማሩ፣ ሌላዋ ገበያ ላይ የምትሸጥ ብዬ ብጽፍ ማን ያምነናል? ፕሮግራሙን ይጥሉታል። የምትጎዱት እናንተ፣ የሚጎዳው በሽተኛው ነው።

ያ ሥራ በአንድ ፍላሽ ውስጥ ተቀምጦ ይረሳ ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት በር ያንኳኳሁት፣ በሰው ፊት ቆሜ የለመንኩት እኔ ነኝ። ይህ በመዝገብ አይጻፍም፤ ሥራ ስላልሆነ ግን አይደለም።

ውሉ ሲፈረም እናንተን አልረሳም። በየወሩ ከራሴ እልካለሁ፤ የዘመድ ቃሌ ነው። አባቴም ቅር መሰኘትዎን ስነግረው «ወይኒ የቤታችንን ገመና ለውጭ ሰው አትዘረግፍም» ብሎኛል፤ እኔም አምናለሁ።

እስከ ኅዳር 12 ድረስ እጠብቃለሁ። ካልሆነ ሌላ ገምጋሚ እፈልጋለሁ።

ዘሚካኤል


መቐለ፣ ሓወልቲ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ዘሚካኤል ገዛኢ፣

የፈጣሪ ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። አንተ ስል የነበረው ለዘመዴ ልጅ ነበር። ይህ ደብዳቤ ለገመገምኩት ኮድ ባለቤት ስለሆነ እንደ ሥራ ሰው በእርስዎ እጽፋለሁ።

ስለ ስኳር መጠቅለያው እውነት ነው። ባለሱቁ ጋ ሄጄ «ስኳሩን በዚህኛው ወረቀት ጠቅልልኝ» እያልኩ ገጽ እመርጥ ነበር። አንዳንዱ ገጽ ጭራሽ አልተገኘም፤ የጎደለውን እየሞከርኩ፣ እየተሳሳትኩ ሞላሁት። አላፍርበትም። እርስዎ ግን የተሟላ ትምህርት ተምረው የጻፉት ያንን አርባ ዘጠነኛ መስመር ነው።

በር ማንኳኳትዎም እውነት ነው። ያንን ብቻ ቢጽፉ ኖሮ እኔው እመሰክርልዎ ነበር። በየወሩ ከራስዎ የሚልኩልን ግን ከራስዎ አይደለም፤ የኛው ነው።

ትላንት ከጁዋይሪያ ጋር እዚህ ሓወልቲ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀመጥን፣ ኔትወርኩ ስለሚሻል። ደብዳቤዎን ሙሉውን አነበብኩላት። «ገበያ ላይ የምትሸጥ» የሚለው ሲደርስ ሻይዋን አስቀመጠች።

«እንግዲህ አንድ መስመር አይደል?» አለችኝ። «ስሙን አውጪና የኛን ክተቺ። አሥራ አንዱንም ይጣ። ይቅመሳት እሱም!»

«ነውር ነው ጁዋይሪያ።»

«ነውር? ነውሩ የኔ ሆነ ደግሞ? ጡቴን ሳይቀር ወስዶብኝ!»

አስተናጋጁ ዞሮ አየን። እሷ አላፈረችም።

አልዋሽዎትም፣ ጻፍኩት። ኮዱን ገልብጬ በቅጂው ላይ አስኬድኩት። የእርስዎ ስም ከመዝገቡ ሙልጭ ብሎ ሲጠፋ በሰከንድ አለቀ። ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። ጁዋይሪያም አጨበጨበች። ከዚያ መስመሩን እንደገና ሳነበው ያው መስመር ነው፤ በማንም ስም ቢሆን ሌባ ነው። ሰረዝኩት። ለእርስዎ አዝኜ እንዳይመስልዎ። ጁዋይሪያ ተቆጥታኝ ሻዩን እኔው ከፈልኩ።

ቀጥሎ ያለውን ግምገማ ዛሬ ጠዋት በድርጅቱ ደንብ ላይ በተሰጠው አድራሻ፣ ለኃላፊው ለአቶ ቸርነት ልኬያለሁ። ለእርስዎም ግልባጩ ይኸው።

«ኮዱን ሙሉ በሙሉ አንብቤ በቅጂ ላይ ሞክሬዋለሁ። የቀኑ ክፍል ትክክል ነው። የስሙ ክፍል ግን የሁለት ጸሐፊዎችን፣ የወይኒ ፍሰሃጽዮንንና የጁዋይሪያ ጀላሉን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና አምስት ለውጦች በዘሚካኤል ገዛኢ ስም ይተካል። ይህን ለባለቤቱ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ባስታውቅም መስመሩ አይወጣም ብሎኛል። ያልተነካውን መዝገብ አያይዣለሁ። የእያንዳንዱ ለውጥ ቁጥር ከበፊተኛው ለውጥ ተሰልቶ የሚወጣ ስለሆነ፣ አንድ ስም ከተነካ ከእሱ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ይቀየራል፤ ሁለቱን አስተያይቶ ማረጋገጥ ይቻላል። እኔ ራሴ ከጸሐፊዎቹ አንዷ ስለሆንኩ ቃሌን ብቻ አትመኑ፤ ተመልከቱት። ኮዱን አልተቀበልኩትም። ገምጋሚ፦ ወይኒ ፍሰሃጽዮን።»

መስመሩን ሞልቻለሁ። እንዳሉኝ ከኅዳር 12 በፊት ነው።

ወይኒ ፍሰሃጽዮን


ማልሞ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሞይ ወይኒ፣

ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም።

አቶ ቸርነት ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አድርጎ በስብሰባ ላይ አሳየው። አሥራ አራት ሰው ነበር። ስለ ጡት የተጻፈውን አንዱ ጮክ ብሎ ሲተረጉመው ሁሉም ሳቁ። እስኪጣራ ከሥራው ታግጃለሁ። አባቴ ስልክ ብደውልለት «ለምን ዋሸኸኝ?» ብሎ ዘጋብኝ። ፕሮግራሙን ከእናንተ ጋር አብረን የሠራነው ነው ብዬው ነበርና።

በባዕድ ፊት ከምታዋርጂኝ ለኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ዘሚካኤል


መቐለ፣ ሰሜን
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዘሚካኤል ገዛኢ፣

ልጅህ እንዴት ናት? እሷ በዚህ ውስጥ የለችበትምና ጤናዋን እመኛለሁ።

«አንቺ» ማለትህን አይቻለሁ። አልተቀየምኩም፤ ከ«የተከበሩ አሞይ» ይልቅ ይኼ እውነት አለው። እኔም ወደ አንተ ተመልሻለሁ።

ለኔ ብቻ ብትነግሪኝ ትላለህ። ጥቅምት 9 ለአንተ ብቻ ነገርኩህ፤ ስለ ጉንፋን መለስክልኝ። ኅዳር 2 ለአንተ ብቻ ነገርኩህ፤ ስለ ሕግ መለስክልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ለአንተ ብቻ ብነግርህ ሌላ ገምጋሚ አግኝተህ ዛሬ መዝገቡ ያንተ ነበር። ያዋረደህ የኔ ደብዳቤ ሳይሆን ለማንበብ የሰነፍክባት ማስታወሻ ናት።

አቶ ቸርነት ደውሎ ነበር። ስልክ እንደማልችልበት ታውቃለህ፤ ሦስት ቃል ተናግሬ ለጁዋይሪያ ሰጠኋት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እንዴት እንደሚለይ ሲጠይቃት፣ ኮዱን ሳትከፍት ከነመስመር ቁጥሩ ነገረችው። መጨረሻ ላይ «የት ነው የተማሩት?» ሲላት «ካርቶን ላይ» አለችው። ውሉ ገና አልተፈረመም። መዝገቡ ግን በስማችን እንዲቀመጥ ወስነዋል፤ የሚፈርመውም በመዝገቡ ያለ ሰው ነው ብለዋል። መጋዘኑ የፊታችን ታኅሣሥ 30 ሲያሰናብተኝ ባዶ እጄን አልወጣም።

አባትህ ደውሎልኝ አልቅሷል። ይቅር በይው አለኝ። አልችልም አልኩት፤ ገና ነው። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ መስመር ነው። ከአንተ ጋር ዝምድናዬን ላፍርስ ብል እንኳ የማፈርስበት ቁጣ ከዚህ አይበልጥም ነበር። አላፈረስኩትም፤ ግን አልተጠገነም።

አሁን የምጽፍልህ ለሥራ ነው። ቀኖቹና ስሞቹ በእርግጥም መስተካከል አለባቸው፤ «መጋዘን 2» ማን እንደሆነች የዛሬ አሥር ዓመት የሚያውቅ አይኖርም። ኮዱን ጁዋይሪያ እንደ አዲስ ጽፋዋለች። የማያውቀው ስም ሲያጋጥመው ይቆማል። የስም ዝርዝሩ ሦስት ስም አለው፤ ሦስተኛው ያንተ ነው። አሥራ አንዱም ለውጥህ በነበሩበት አሉ። ጁዋይሪያ ስትጽፋቸው ተራግማለች፤ ግን ጽፋቸዋለች።

ድርጅቱ እኔም ጁዋይሪያም የራሳችንን ኮድ መገምገም አንችልም፣ ፕሮግራሙን የሚያውቅ ሌላ ሰው ጥቀሱ አለን። ያንተን ስም ሰጠሁ። አቶ ቸርነት ደጋግሞ «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። ነኝ አልኩት።

ኮዱን አያይዤዋለሁ። ዘጠና ሁለት መስመር ነው። ስህተት ካገኘህ ያለ ሐፍረት ጻፍልን፤ እናርማለን። ከታች «ገምጋሚ» የሚለው መስመር ባዶ ነው፤ እኔ አልሞላሁልህም። መጀመሪያ ሁሉንም አንብብ፣ ማስታወሻዎቹንም ጭምር። ከዚያ ስምህን ራስህ ጻፍ።

ወይኒ ፍሰሃጽዮን